ዝጉ፣ ግን አታጥፉ፦ ለዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ግልጽ ደብዳቤ

ለዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ዋና ዳይሬክተር
ጄኔቫ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ጉዳዩ የብዙ ሰው ስለሆነ ነው። የፋይል ማጋሪያ ድረ ገጾች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በፖሊስ ዘመቻ በተዘጉ ቁጥር፣ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኙ የሙዚቃ፣ የፊልም፣ የመጻሕፍትና የኮምፒውተር ጨዋታ ስብስቦች አብረው የውሃ ሽታ ሆነው ይቀራሉ። ድረ ገጹ እንዴት ይዘጋ ለሚለው ጥያቄ ብዙ አገሮች ሕግ አበጅተዋል። ከተዘጋ በኋላ ውስጡ የነበረው ምን ይደረግ ለሚለው ግን አገሮች የሚመሩበት የጋራ ደንብ የለም። የምጠይቅዎ ይህ ደንብ እንዲኖር ነው።

ደብዳቤዬን ለአንድ አገር ፖሊስ ወይም ለአንድ ፍርድ ቤት መጻፍ እችል ነበር። ነገር ግን ሰርቨሩ (ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) በአንድ አገር፣ ባለቤቱ በሌላ አገር፣ ከሳሹ በሦስተኛ አገር፣ ተጠቃሚው በዓለም ሁሉ በሆነበት ጉዳይ፣ አንድ መንግሥት ብቻውን የሚያወጣው ደንብ የትም አይደርስም። የቅጂ መብት ስምምነቶች የሚመከሩት በእርስዎ ድርጅት ጥላ ሥር ነው። በዚያ ላይ ድርጅትዎ በምህጻረ ስሙ «ዋይፖ አለርት» ብሎ በሰየመው የመረጃ ቋት አባል አገሮች መብት ይጥሳሉ ብለው የለዩአቸውን ድረ ገጾች ይሰበስባል፤ ማስታወቂያ አስነጋሪዎችም ዝርዝሩን አይተው ገንዘባቸውን ከእነዚያ ድረ ገጾች ያርቃሉ። ድረ ገጾቹን በማዳከሙ ሥራ ላይ እጅዎ ካለበት፣ ከተዘጉ በኋላ የሚሆነውም ይመለከትዎታል ብዬ አምናለሁ።

እኔ የቆዩ የድምፅ ቅጂዎችን ታሪክ የምከታተል፣ ማን መቼ ከማን ጋር ምን እንደተቀረጸ የምመዘግብ ሰው ነኝ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ደጋግሞ የሚገጥመው ነገር አለ። አንድ የጠፋ ቅጂ ፍለጋ ይጀመራል፤ ከሰው ወደ ሰው ይኬዳል፤ ዱካው መጨረሻ ላይ አንድ የተዘጋ ድረ ገጽ ስም ላይ ይቆማል። «እዚያ ነበር» ይባላል። ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚጠራው ስም «ዋት.ሲዲ» ነው። ይህ የሙዚቃ ማጋሪያ ድረ ገጽ የተዘጋው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 2016 ነው (በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጀንዳርሜሪ የተባለው የፈረንሳይ ፖሊስ ኃይል ሰርቨሮች መያዙ ተሰማ፤ የድረ ገጹ ሰዎችም የድረ ገጹና የአባላቱ መረጃ በሙሉ መደምሰሱን አስታወቁ። በ2007 ከተከፈተ ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሙዚቃ እትሞች ተመዝግበውበት ነበር። እንደ ልብ የሚገባበት ቤትም አልነበረም፤ በአባል ሳይጋበዝ ለመግባት የሚፈልግ ሰው ስለ ድምፅ ፋይል ጥራትና ስለ ቅጂ አሠራር ይፈተን ነበር።

አንድ ሸክላ እዚያ እንዴት ይመዘገብ እንደነበር በዝርዝር ልንገርዎ፤ ምክንያቱም የጉዳዩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ አልበም በተለያየ ዓመትና በተለያየ አገር አምስት ስድስት ጊዜ ሊታተም ይችላል። በአንዱ እትም ላይ የሌለ ዘፈን በሌላው ላይ ይገኛል፤ በአንዱ ላይ የተቆረጠ መግቢያ በሌላው ሙሉ ነው፤ ድምፁ ራሱ አንዱ ላይ ጥርት ብሎ ሌላው ላይ የታፈነ ይሆናል። ስለዚህ መዝጋቢው የአሳታሚውን ስምና የካታሎግ ቁጥሩን ጽፎ ብቻ አያበቃም፤ የትኛው እትም እንደሆነ ማረጋገጥ አለበት። ለዚህ የሚረዳው ምልክት ብዙ ጊዜ የሚገኘው የመጨረሻው ዘፈን ካለቀበት እስከ መሃለኛው ወረቀት ባለው ጠባብ ባዶ ቦታ ላይ ነው። እዚያ ላይ ሸክላው ሲመረት የተጫሩ ወይም የታተሙ ጥቃቅን ፊደላትና ቁጥሮች አሉ። ሰውየው ሸክላውን ወደ መብራት አዘንብሎ፣ አንዳንዴም በአጉሊ መነጽር፣ አንድ በአንድ ያነባቸዋል። ከዚያ የሽፋኑን ፊትና ጀርባ በስካነር ያነሳል፤ በምን ማጫወቻ፣ በምን መርፌ፣ በምን መሣሪያ እንደቀዳው ይጽፋል። ሲዲ ከሆነ ደግሞ የቀዳበት ፕሮግራም የሚያወጣው የሥራ መዝገብ አብሮ ይያያዛል። ያ መዝገብ እያንዳንዱ ዘፈን ያለ ስህተት መነበቡን፣ የት ላይ ጭረት እንዳሰናከለው ሳይቀር ያሳያል። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላም ሌላ አባል ፋይሉን ይመረምረዋል። ድምፅን ጨምቆ ጥራቱን ከሚቀንሰው ኤምፒ3 ተገልብጦ ጥራቱን የጠበቀ መስሎ የቀረበ ካለ የድምፁን ሞገድ በሥዕል አውጥቶ ያጋልጠዋል።

ይህን ሥራ ከሠሩት አባላት ለማንም አምስት ሳንቲም አልተከፈለም። በደመወዝተኛ የሚሠራ ትልቅ ቤተ መዛግብት እንኳ ለእያንዳንዱ ሸክላ ይህን ያህል ጊዜ መስጠት ይቸግረዋል። በዚያ ላይ አባላቱ እርስ በርስ የሚጠያየቁበት ስፍራ ነበር፤ አንዱ ለዓመታት የፈለገውን ቅጂ ሌላው ከመጋዘኑ አውጥቶ ቀድቶ ያቀርብለታል። ማን ከማን ጋር እንደሠራ፣ የትኛው ሙዚቀኛ ከየትኛው ጋር እንደሚቀራረብ የሚያሳይ ካርታም ነበረው። ለእንደ እኔ ዓይነቱ መዝጋቢ ይህ ካርታ ከድምፁ እኩል ዋጋ አለው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። «ዋት.ሲዲ» የቶሬንት ድረ ገጽ፣ ማለትም አባላት ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚቀባበሉበት ስለነበር ሙዚቃው በሰርቨሩ ላይ አልነበረም፤ በየአባሉ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ዛሬም የብዙው ቅጂ በየሰዉ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። የተደመሰሰው መዝገቡ ነው፤ ምን እንዳለ፣ ማን ዘንድ እንዳለ፣ የትኛው እትም እንደሆነ የሚናገረው። ያለ መዝገብ የተበተነ ስብስብ ደግሞ ቀስ እያለ ይሞታል። አንዱ ዲስክ ይበላሻል፤ ሌላው ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይጣላል፤ በእጁ ላይ ያለው የዓለም የመጨረሻ ቅጂ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

መዝገቡን ያጠፉት ፖሊሶች አይደሉም፤ የድረ ገጹ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ይህን የምሸፍነው ነገር አይደለም። ግን ለምን አጠፉት ብሎ መጠየቅ ይገባል። የአልበሞቹ መዝገብና የአባላቱ መዝገብ በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ ተጠላልፈው ነበር፤ አንዱን አሳልፎ መስጠት ሌላውን አሳልፎ መስጠት ነው። «መዝገቡን ለቤተ መጻሕፍት አስረክቡ፤ የሰዎቹን ስም ደምስሱ» የሚላቸው ሕግ አልነበረም። ሰዎቹን ከክስ ማዳን ወይም መዝገቡን ማዳን ከሚሉት ሁለት ነገሮች አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፤ ሰዎቹን መረጡ። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ጥፋቱ እንዲህ ያለ ምርጫ ውስጥ በከተታቸው ክፍተት ላይ ነው፤ ክፍተቱን ሊደፍን የሚችለው ደግሞ እርስዎ የሚመሩት ዓይነት ድርጅት ነው።

ከ«ዋት.ሲዲ» በፊት የነበረው የሙዚቃ ማጋሪያ «ኦይንክ»ም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። ወደ 180,000 የሚጠጉ አባላት የነበሩት ይህ ድረ ገጽ በኦክቶበር 23 ቀን 2007 በእንግሊዝና በኔዘርላንድስ ፖሊስ ዘመቻ ተዘጋ። መሥራቹ በማጭበርበር ሴራ ተከስሶ በጃንዋሪ 2010 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ነጻ ተባለ። ሰውየው ነጻ ወጣ፤ ስብስቡ ግን አልተመለሰም። «ዋት.ሲዲ» ከዜሮ የተነሳው በዚያ ፍርስራሽ ላይ ነው፤ አባላቱ ያንኑ ሥራ ሁለተኛ ጊዜ ሠሩት፤ ሁለተኛ ጊዜም ጠፋ።

«ሜጋአፕሎድ» ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ ፋይሎቹ ራሳቸው በሰርቨር ላይ ነበሩ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በጃንዋሪ 19 ቀን 2012 ሲዘጋው ከ175 ሚሊዮን ዶላር በላይ በወንጀል አግኝቷል፣ በባለመብቶች ላይም ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር የሚበልጥ ጉዳት አድርሷል ሲል ከሰሰ። ይህ ክስ እውነት ይሁን አይሁን እዚህ አልከራከርበትም። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቨርጂንያ ውስጥ ለሜጋአፕሎድ ሰርቨር ያከራይ የነበረው ካርፓትያ የተባለ ኩባንያ በ1,103 ሰርቨሮች ላይ 25 ፔታባይት (25 ሚሊዮን ጊጋባይት) ያህል ዳታ ታቅፎ ቀረ። ለማቆየት በቀን 9,000 ዶላር እንደሚያስወጣው ለፍርድ ቤት ገልጾ ምን ላድርገው ብሎ ጠየቀ። መንግሥት የሚፈልገውን ማስረጃ ገልብጦ እጁን አውጥቶ ነበር። በኔዘርላንድስ ደግሞ ሊዝዌብ የተባለው አከራይ 630 ሰርቨሮችን ለአንድ ዓመት ያህል ካቆየ በኋላ በ2013 ጠርጎ አጸዳቸው፤ ኩባንያው እንዳለው ልሰርዝ ነው ብሎ አሳውቆ መልስ የሰጠው አልነበረም።

በእነዚያ ሰርቨሮች ላይ የተሰረቀ ፊልም ብቻ ነበር እንዴ? አልነበረም። የትምህርት ቤት ስፖርት ውድድሮችን እየቀረጸ የሚተዳደር አንድ አሜሪካዊ ቪዲዮ አንሺ የራሱን ሥራ እዚያ አስቀምጦ ነበር፤ ድረ ገጹ ከመዘጋቱ ጥቂት ቀናት በፊት የቤቱ ሃርድ ዲስክ ተበላሽቶበታል። ፋይሌ ይመለስልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ቢቀርብም ጉዳዩ ለዓመታት ተጓተተ። እርሱ ጠበቃ አገኘ፤ ስሙም በመዝገብ ላይ ሰፈረ። በየቋንቋው የቤተሰብ ፊልም፣ የተማሪ ጥናት፣ ያልታተመ ዘፈን ያስቀመጡ ሌሎች ሰዎች ግን ማን ዘንድ ሄደው ይጠይቁ? ክሱ የሚያወራው ስለ ባለመብቶች ከሆነ፣ እነዚህም የገዛ ሥራቸው ባለመብቶች ናቸው።

መጻሕፍትን በተመለከተ የ«ላይብረሪ.ኑ»ን ስም ብቻ ላንሳ። 400,000 ያህል መጻሕፍት የሚገኙበት ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2012 አሥራ ሰባት አሳታሚዎች ሙኒክ ካለው ፍርድ ቤት ትእዛዝ አውጥተው አዘጉት። ከዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ርቆ የሚኖር ተመራማሪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያሻም።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ የምለው የደራሲውን፣ የዘፋኙንና የፊልም ሠሪውን መብት ገሸሽ አድርጌ አይደለም። ላቡን ጠብ አድርጎ የሠራው አልበም ገና ገበያ ከመውጣቱ በነጻ ሲበተን የሚያይ ሙዚቀኛ ቢንገበገብ እውነት አለው። በሰው ድርሰት ላይ ማስታወቂያ ለጥፎ የሚከብር ድረ ገጽ ባለቤትም ጠበቃው አይደለሁም። የኖርኩት ከሙዚቀኞች ጋር ነው፤ የሮያሊቲ ክፍያ ለአንድ ቤት ኪራይ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ፍርድ ቤት ዝጉ ካለ ይዘጋ። ነገር ግን አንድን ሥራ ከሕገወጥ ሥርጭት ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ከዓለም ላይ ማጥፋት ሌላ ነገር ነው። ሙዚቀኛው የሚጠቀመው በመጀመሪያው ነው። በሁለተኛው የሚጠቀም ማንም የለም፤ ራሱ ሙዚቀኛው እንኳ አይጠቀምም። ማስተር ቴፑ (የመጀመሪያው ዋና ቅጂ) ጠፍቶበት የገዛ ዘፈኑን አድናቂዎቹ ዘንድ የሚፈልግ አርቲስት ብርቅ አይደለም።

«ዛሬ ሁሉም ነገር በሕጋዊው ገበያ አለ» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የለም። በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ያወጣው ጥናት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ገበያ ላይ ከዋሉ ጨዋታዎች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ እንደማይገኙ አሳይቷል። እነዚህን ጨዋታዎች ሰብስቦ ይዞ የነበረው «ኢሙፓራዳይዝ» በ2018 በሌሎች መሰል ድረ ገጾች ላይ ክስ ሲመሠረት አይቶ ጨዋታዎቹን አወረደ። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የቅጂ መብታቸው ካላለቀ ስብስቦቹ 40 በመቶ ያህሉ ባለቤታቸው የማይታወቅ ወይም የማይገኝ እንደሆነ ገምቶ ነበር። ባለቤቱ የማይታወቅ ሥራ በገበያ ሊገኝ አይችልም፤ የሚፈቅድለት የለምና። በስትሪሚንግ አገልግሎት ላይ ያለውም ቢሆን ፈቃዱ ባለቀ ማግስት ድምፁን አጥፍቶ ይወርዳል።

ባለቤቶቹስ በሚገባ ይጠብቁታል? ታሪኩ የሚያሳዝን ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት ከ1912 እስከ 1929 በዚያ አገር ከተሠሩት ወደ 11,000 የሚጠጉ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች በመጀመሪያ ይዘታቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ቢቢሲ ቴፕ ለመቆጠብ ሲል በድሮ ፕሮግራሞቹ ላይ አዲስ ይቀርጽ ነበር፤ ከ«ዶክተር ሁ» ተከታታይ ድራማ ብቻ ወደ መቶ የሚጠጉ ክፍሎች ምስላቸው ጠፍቷል። የጠፉት ክፍሎች ድምፅ ግን በሙሉ አለ። ያዳኑት በየቤታቸው ቴሌቪዥን ፊት ቴፕ ደቅነው የቀረጹ ተመልካቾች ናቸው፤ ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም። በ2008 ሆሊውድ ውስጥ በዩኒቨርሳል መጋዘን ላይ በደረሰው ቃጠሎ የወደሙትን የማስተር ቅጂዎች የሙዚቃ ኩባንያው የውስጥ ሰነድ ወደ 500,000 ዘፈኖች ገምቶት ነበር፤ ኩባንያው በኋላ ቁጥሩ ተጋንኗል ብሏል። በ2019 ደግሞ የማኅበራዊ ትስስር ድረ ገጹ «ማይስፔስ» ከ2003 እስከ 2015 የተጫኑ ዘፈኖች ሰርቨር ሲቀየር መጥፋታቸውን አመነ፤ ወደ 50 ሚሊዮን ዘፈኖች እንደሆኑ ተዘግቧል። ፖሊስም ፍርድ ቤትም አልዘጋውም፤ በገዛ እጁ ነው ያጠፋው። ከዚያ ሁሉ ከ400,000 በላይ ዘፈኖች የተገኙት አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ለጥናት ብሎ አስቀድሞ አውርዷቸው ስለነበር ነው።

የፍርድ ቤት ትእዛዝን በሚመለከት ከሁሉ የቆየውን ምሳሌ ልጨምር። በ1922 የተሠራው «ኖስፌራቱ» የተባለው የጀርመን ፊልም ከአንድ ልብ ወለድ ያለ ፈቃድ የተወሰደ ነበር። ባሏ የሞተባት የደራሲው ሚስት ከሰሰች፤ እውነትም ነበራት። የጀርመን ፍርድ ቤት በ1925 ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲጠፉ ፈረደ። ፊልሙ ዛሬ በየፊልም ትምህርት ቤቱ የሚታየው ትእዛዙ ያልደረሰባቸው ቅጂዎች በሌሎች አገሮች ስለተረፉ ነው። ያ ፍርድ በሙሉ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ተከብሮ የሲኒማ ታሪክ አንድ ትልቅ ምዕራፍ ባጣ ነበር። ሰርቨር እንደ ፊልም ጥቅል አይደለም፤ ዛሬ ትእዛዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ በሙሉ ይፈጸማል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ቅርስ ሕጋዊ ቤተ መጻሕፍት ለምን አልያዘውም? አልተፈቀደለትምና። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ያወጣው የቅጂ መብት መመሪያ ቅርስ ጠባቂ ተቋማት ለጥበቃ ሲሉ እንዲቀዱ ፈቅዷል፤ ፈቃዱ ግን በቋሚ ስብስባቸው ውስጥ ላለ ሥራ ብቻ ነው። በተዘጋ ድረ ገጽ ላይ ያለ ቅጂ የማንም ቤተ መጻሕፍት ቋሚ ስብስብ አይደለም። በአሜሪካ ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት በእጁ ያሉትን የታተሙ መጻሕፍት ስካን አድርጎ ሲያውስ በአሳታሚዎች ተከሰሰ፤ በ2023 ተፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በሴፕቴምበር 2024 ፍርዱን አጸናው። ከ500,000 በላይ መጻሕፍት ከሚያውሰው ዝርዝር ወጥተዋል። በሩን የከፈተ፣ አድራሻው የሚታወቅ ተቋም ይህን ካገኘው፣ ስብስቡ ወደ ጨለማው ቢሸሽ ምን ይገርማል? ሕጋዊውን ጠባቂ ያዳከምነው እኛው ነን። ቅርሱ ሕገወጥ ቤት ውስጥ የተገኘው ሌላ ቤት ስላልነበረው ነው።

ፈቃድ ሲኖር ነገሩ እንዴት እንደሚያምር ደግሞ አይተናል። «ግሬትፉል ዴድ» የተባለው የሙዚቃ ቡድን አድናቂዎቹ በየመድረኩ ድምፁን እንዲቀርጹና ያለ ትርፍ እንዲለዋወጡ ፈቅዶ ነበር። የእርሱና እንደ እርሱ የፈቀዱ ሌሎች ባንዶች ቅጂዎች ዛሬ በኢንተርኔት አርካይቭ ውስጥ ከ200,000 በላይ የመድረክ ዝግጅቶችን የያዘ ክምችት ሆነዋል። ቡድኑ በዚህ አልደኸየም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። በድርጅትዎ የቅጂ መብትና ተዛማጅ መብቶች ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት የሚሰጥ የተለየ ፈቃድ ጉዳይ ለረጅም ዓመታት አጀንዳ ሆኖ ይንከባለላል። የሚያስገድድ ስምምነት አይቻልም የሚሉ አሉ። ይቻላል። በጁን 2013 በማራካሽ ለዓይነ ስውራንና ማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች የተፈረመው ስምምነት አገሮች በቅጂ መብት ላይ የተለየ ፈቃድ በሕጋቸው እንዲያስገቡ ያስገድዳል፤ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2016 ሥራ ላይ ውሏል። አሳታሚዎች ያኔ የፈሩት ውድቀት አልመጣም። ለጥበቃ ሲባል መቅዳትም እንዲሁ የሚያስገድድ ፈቃድ ሊሆን ይገባዋል፤ በቋሚ ስብስብ ብቻም መወሰን የለበትም።

ያ እስኪሆን ድረስ ግን ጊዜ የማይሰጥ ነገር አለ። አባል አገሮች አንድን የማጋሪያ ድረ ገጽ ሲዘጉ የሚከተሉት ወጥ የአሠራር መመሪያ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ይዘጋጅ ዘንድ እጠይቃለሁ። የመዝጊያ ትእዛዝ ሲወጣ ሰርቨሩ ከሕዝብ ይሰወር፤ ነገር ግን አንድ የተመዘገበ ቤተ መዛግብት ገብቶ ያለውን ሳይለይ ማንም ምንም እንዳይሰርዝ ይታገድ። ከሁሉ አስቀድሞ የአባላቱ ስም፣ አድራሻና የአጠቃቀም ታሪክ ከሥራው መዝገብ ተለይቶ ይውጣ፤ ለቤተ መዛግብቱ በምንም ዓይነት አይተላለፍ። ይህ ካልተረጋገጠ የሚያስረክብ ሰው አይገኝም፤ በ«ዋት.ሲዲ» የሆነው ነገ በሌላው ይደገማል። የቀረው መዝገብ፣ ማለትም የሥራዎቹ ስም፣ የእትሙ ዓመት፣ የካታሎግ ቁጥሩ፣ የተሳታፊዎቹ ዝርዝር፣ ወዲያውኑ ለሕዝብ ክፍት ይሁን። የአልበም ዝርዝር አልበሙን አይተካም፤ የማንንም ገበያ አይነካም።

ፋይሎቹን በተመለከተ አሁኑኑ ይከፈቱ አልልም። ታሽገው ይቀመጡ። ባለመብቱ ሲፈቅድ፣ ወይም ዘመኑ ሲያበቃ፣ ወይም በሚገባ ተፈልጎ ባለቤት ሲጠፋ ብቻ ይከፈቱ። በዚህ መካከል አንድ ሙዚቀኛ ወይም አሳታሚ የጠፋበትን የገዛ ሥራውን ለማግኘት ቢጠይቅ ቅጂ ይሰጠው፤ ከዚህ አሠራር ከማንም በፊት የሚጠቀሙት ባለመብቶቹ ራሳቸው ይሆናሉ። የገዛ ፋይላቸውን ያስቀመጡ ሰዎችም የሚጠይቁበት የተወሰነ ጊዜና የታወቀ አድራሻ ይኑር። የመመለስ ግዴታው በመንግሥት ላይ እንጂ በሰርቨር አከራዩ ጫንቃ ላይ አይሁን።

ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ መልስ አለው። በሜጋአፕሎድ ጉዳይ በተለያዩ አገሮች ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ሀብት መያዙን ዐቃቤ ሕግ በጊዜው ገልጾ ነበር። ከሚያዘው ሀብት ላይ የጥበቃው ወጪ አስቀድሞ ይነሳ ቢባል ከባለመብቶቹ ካሳ የሚጎድለው ጥቂት ነው። ትርፍ የሌላቸው፣ በአባላት መዋጮ የቆሙ ድረ ገጾች ሲዘጉ የሚያዝ ገንዘብ አይኖርም፤ የእነርሱ መዝገብ ግን መጠኑ ትንሽ ነው፤ የአንድ ሚሊዮን አልበሞች ዝርዝር በአንድ ተራ ዲስክ ላይ ይሰፍራል። ለዚያ በጀት የለም ማለት አያስኬድም።

ለ«ዋይፖ አለርት»ም አንድ ነገር ልጠይቅ። አንድ ድረ ገጽ በዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ በውስጡ በገበያ የማይገኝ ስብስብ መኖር አለመኖሩን የሚያመለክት አንድ ዓምድ ይጨመርበት። ፖሊስና ፍርድ ቤት ሲንቀሳቀሱ ምን ላይ እንደሚዘምቱ አስቀድመው ይወቁ። አዲስ ፊልም ሰርቆ የሚቸረችር ድረ ገጽና በገበያ የሌሉ ሸክላዎችን ሰብስቦ የያዘ ድረ ገጽ በሕግ ፊት ስማቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ሲዘጉ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ግን የተለያየ ነው።

እነዚህን ነጥቦች ጽሕፈት ቤትዎ ለቋሚ ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባ የውይይት ሰነድ አድርጎ እንዲያቀርብ፣ ሰነዱ በሚዘጋጅበት ጊዜም ከአሳታሚዎችና ከመንግሥታት ተወካዮች ጎን የቤተ መዛግብት ባለሙያዎች፣ ሙዚቀኞችና እነዚህን መዝገቦች በነጻ የሠሩ ሰዎች እንዲጠየቁ እለምናለሁ። የመጨረሻዎቹ ስማቸውን ሳይገልጹ የሚናገሩበት መንገድ ካልተበጀላቸው አይመጡም፤ ይህም አስቀድሞ ይታሰብበት። ደብዳቤውን በግልጽ እንደጻፍኩ መልስዎንም በግልጽ ቢሰጡን ደስ ይለኛል፤ አይሆንም የሚል እንኳ ቢሆን ምክንያቱን አብረው ይጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቆዩ የድምፅ ቅጂዎች መዝጋቢ